ትሏ ቤቷን እስክትሠራ

ለበዓል ብቻ የማወጣት አንዲት ነጠላ አለችኝ። ጥለቷ ቀይ ነው። በአንዱ ጫፍ በኩል ግን ጣት የማይሞላ ክር ጎድሏታል። ልጆቼ አይጥ የቆረጠመው ይመስላቸዋል፤ የልጅ ልጆቼ ደግሞ ሞጣ ገበያ ወስደን እናስጠግንልሽ እያሉ ይነዘንዙኛል። አላስጠግናትም። ክሩን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ የወሰደችው ደግሞ ትል ናት። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ያቆምሁ ሴት ነኝና አጻጻፌ ቢወላገድ እለፉኝ። ያየሁትን ግን አልረሳሁም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ያኔ ለጋ ሴት ነበርሁ። ሞጣ ተድሬ፣ ከባሌ ጋር ሳንስማማ ቀርተን ተፋትተን፣ ብቸና አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት ተመልሻለሁ። አባቴ ሞቷል። ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ አያሌው ነው። ፈት ሴት በወንድሟ ቤት ስትኖር ከማንም ቀድማ ተነሥታ ከማንም ኋላ ትተኛለች። እኔም ቀኑን ሙሉ ጥጥ ስፈትል እውል ነበር።

ፈትሌን የሚሠራው ይማም የሚባል ሸማኔ ነው። ይማም ሙስሊም ነው፤ በአገራችን ርስት አልነበረውም። ከሚስቱ ከዘይነባ ጋር መንደሩን በሚያስተዳድረው በጭቃ ሹሙ መሬት ጠርዝ ላይ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። ክር ሳመጣለት በጣቶቹ መካከል ያሳልፈውና፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ ከማን ጋር ተጣልተሽ ነበር ይለኛል። ክሩ የጎበጠበትን ቦታ ይዞ ነው እንዲህ የሚለኝ። ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ከአያሌው ሚስት ጋር ተጣልቼ እገኛለሁ። ለአሥር ሴት ፈትል ቢሰጡት የማን የማን እንደሆነ ዐይኑን ጨፍኖ ይለያል ይባልለት ነበር።

ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ የጥድ ደን አለ። በዚያ ዓመት ክረምቱ እንዳለፈ ጥዶቹ ከላይ ጀምረው መድረቅ ያዙ። ቀና ብሎ ያየ ሰው በየቅርንጫፉ ጫፍ ትናንሽ የጭራሮ እስሮች ተንጠልጥለው አገኘ። እያንዳንዷ እስር የትንሽ ጣት ያህል ናት። ጭራሮዎቹ በልክ የተቆረጡ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ከፈትል በቀጠነ ክር የተጠፈሩ ናቸው። ሰው ሠራሽ ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም። አገሩም ያለው ይህንኑ ነው፤ ጥዱ በመተት ታሥሯል፣ አንድ ሰው ከደብሩ ጋር ጠብ አለው ተባለ። ከዚያ በኋላ በደኑ በኩል የሚያልፍ ጠፋ።

እኔ ግን እስሯን በሕይወቷ አይቻታለሁ። አንድ ቀን ከደኑ ጠርዝ ተቀምጬ ስፈትል አንዷ ባዘቶዬን ከያዘው ሙዳይ ላይ ወደቀች። በጥፍሬ ልፈነጥራት ስል ተንቀሳቀሰች። እጄን ሰበሰብሁ። ቆየት ብሎ ከእስሯ አፍ ጥቁር ራስና ጥቂት እግሮች ብቅ አሉ። ትሏ ቤቷን ከኋላዋ ሽቅብ አቁማ እየጎተተች በባዘቶዬ ላይ ሄደች፤ ስትሄድም ጥጤን በአፏ ትነጨው ነበር። እዚያው ተቀምጬ ሳያት ዋልሁ። አመሻሹ ላይ ከጭራሮዎቿ መካከል የእኔ ነጭ ጥጥ ተለጥፎ ነበር።

በማግሥቱ ለይማም ወስጄ አሳየሁት። ደጃፉ ላይ ቆሞ በፀሐይ አገላበጣት። ክሯን በጥፍሩ መዝዞ በጣቶቹ አሻሸና፣ ይህ አልተከረረም አለ። ከዚያ ሳቀ። ከእኔ ወዲህ ሌላ ሸማኔ ይዘሻል ማለት ነው፣ ዋጋዋ ይቀንስ እንደሆነ ጠይቂያት አለኝ። ዘይነባም ከውስጥ ሆና ሳቀች። አያሌው ሊጠራኝ መጥቶ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር። ምን ያስቃችኋል አላለም። ነይ ውረጂ፣ ውኃ የለም ብሎኝ ሄደ። ከእኛ ሌላ በዚያ ደጅ ማንም አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።

የጭቃ ሹም ደሴ ትንሽ ልጅ የሞተችው ከዚያ በኋላ ነው። ስሟ ጥሩዬ ነው፤ ጥርሷን ገና የምትለዋውጥ ልጅ ነበረች። ከጥዶቹ ሥር ስትጫወት ዋለች፣ ማታ አተኮሳት፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሲገንዟት ከጨበጠችው እጇ ውስጥ አንዲት እስር ተገኘች። እናቷ ወይዘሮ አትጠገብ እስሯን ከልጇ መዳፍ ስታወጣ እኔ እዚያው ነበርሁ።  እስሯን አስቀመጠችና የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ አቃናቻቸው።

ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ አዘዘ። አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጥፋተኛው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይታጎራል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ አይናገርም፤ ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይላል። ያ ሰው ወፍ ይባላል፤ ስሙም አይነገርም። በመንግሥት ዘንድ ቀርቷል ይባል ነበር፣ እኛ ዘንድ ግን አልቀረም። ወትሮ ወንዶቹ ብቻ ነበሩ የሚጠሩት። የዚያን ጊዜ ነገሩ መተት ነውና ሴቱም ይቅረብ ተባለ።

በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ተቀመጥን። ጤፉ ደርሷል፤ ከተቀመጥንበት ሆነን ቢጫውን ማሳ እናየዋለን። ወፉም በግም ሲገባበት እናያለን። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ስለ ጥሩዬ ያወራ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስለ ጤፉ ሆነ። በሦስተኛው ጠዋት ላይ ማንም ስለ ማንም አላወራም፤ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ስም ብቻ ነበር። የማንም ስም ይሁን፣ የራሱ ካልሆነ የሚጠላው አልነበረም። ይህን የምለው በሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኔም ርቦኝ ነበር።

ሽማግሌው፣ የደብራችን ቄስ አባ ተገኝ ተነሡ። ወፍ ተናግሯል አሉ። ሸማኔው ይማም እንዲህ ያለች እስር በእጁ ይዞ፣ ክሯን ሲመዝዝና ሲያጠብቅ፣ በደጃፉ ቆሞ ታይቷል። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ቀጭን ክር ያለው ከሸማኔ ሌላ ማን አለ አሉ።

ከሕዝቡ ውስጥ የተቃወመ አልነበረም። ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ፤ ሸክም ያወረደ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት። ይማምን ከተቀመጠበት አንሥተው ወደ መካከል አወጡት። ለለቅሶኛው ከታረደው ወይፈን ቆዳ ገና እርጥብ የሆነ ጠፍር ቆርጠው ሁለት እጁን አንድ ላይ አሠሩት። ጠባቂ ሁን የተባለው ወንድሜ አያሌው ነበር።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። 

“ያችን እስር ለይማም ያመጣሁለት እኔ ነኝ” አልሁ። “ከጥዱ ላይ የወደቀች ትል ናት። መተት አይደለችም።”

አያሌው ካለበት ሆኖ፣ አንቺ ተቀመጪ፣ ቤቴን ልታቃጥዪው ነው አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ፊቱ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ጭቃ ሹሙ ዐይኑ በእንቅልፍ ማጣት ያበጠ ሰው ነው፤ ወደ እኔ ዞረ።

“እንግዲያው ከእሱ ጋር ነሻ” አለኝ።

“ከማንም ጋር አይደለሁም ጌታዬ። ያየሁትን ነው የምናገር።”

አሳዪን ተባለ። ከጥሩዬ እጅ የተገኘችው እስር በጨርቅ ተቋጥራ በአባ ተገኝ ፊት ተቀምጣ ነበር። አነሣኋት። ትሏ ራሷን ታወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አላወጣችም። ለካ ሰው ሲነካት አፏን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። ሜዳው ሙሉ ሰው ያየው አንዲት ደረቅ የጭራሮ እስር ይዛ የቆመች ሴት ነው። አንዱ፣ ትሏ ልብስ እስክትለብስ ነው የምንጠብቀው አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ተናደድሁና ከጎኔ ከነበረ ገበሬ ማጭዱን ተቀብዬ እስሯን ሰነጠቅኋት።

የሠራሁት ሥራ ምን እንደሚያመጣ አላሰብሁም ነበር። ከውስጧ ቡናማ፣ እርጥብ ትል እየተቆለመመች ወደቀች። እነሆ ያልሁ እኔ ብቻ ነኝ። ሰዉ ከተቀመጠበት ወደ ኋላ ሸሸ። መተቱ ነፍስ አለው፣ የልጅቱን ነፍስ ይዞ ነው የሚኖር አሉ። አንዲት ሴት ልብሷን በፊቷ ላይ ጣለች። ጭቃ ሹሙ መጥቶ ትሏን ረገጣት። ይማምን ለማዳን የተነሣሁ ሴት የይማም ነው በተባለው መተት ነፍስ ዘርቼበት ቁጭ አልሁ።

ሴቶቹን ለመንሁ። ሁላችሁም ትፈትላላችሁ፣ ክሩን ንኩት፣ አልተከረረም፤ ከእንዝርት የወጣ ክር እንዴት ያለ እንደሆነ እጃችሁ ያውቀዋል አልሁ። አንዲትም እጇን አልዘረጋችም። በመጨረሻ ከጭቃ ሹሙ ኋላ የተቀመጠችው ወይዘሮ አትጠገብ ተነሣች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። የተሰነጠቀውን እስር ከእጄ ወሰደች፣ ክሩን በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መካከል አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው፣ ወደ ቀኝ አዞረችው። ክር ሲፈታ ይላላል፣ ሲከር ይጠብቃል። ያ ክር ግን አልላላምም፣ አልጠበቀምም።

“እንዝርት አላየውም” አለች። ወደ ቦታዋም አልተመለሰችም።

ያን ጊዜ ነው አሳቡ የመጣልኝ። ቤቷን ራሷ የሠራችው ከሆነ ደግማ ትሥራው አልሁ። ወይዘሮ አትጠገብ ከእኔ ጋር ትምጣና ከጥዱ ላይ በገዛ እጇ አንዲት ትንሽ ትል ታውርድ። ቤቷን እንግፈፋት። በሙዳይ አድርገን ወይዘሮ አትጠገብ በጭኗ ትያዘው፤ ሌላ ሰው አይንካው። በደኑ ውስጥ የሌለ ነገር እንስጣት። ይህን ብዬ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁ፤ ይማም የሠራት ናት። ከጥለቷ ጫፍ ቀዩን ክር በማጭዱ ቆረጥሁና ከተፍሁት። ይማም እጁ ታሥሯል፤ ትሏ ይህን ቀይ ክር ከለበሰች ማን ሠፋላት ልትሉ ነው አልኋቸው።

ሰዉ አጉረመረመ። ጤፉስ አሉ። ስንት ቀን ልንቀመጥ ነው አሉ። ትሏ እስክትሠራ ይፈታ ብዬ ጠየቅሁ። ስሙ በወፍ የተጠራ ሰው ነገሩ ሳይለይ አይፈታም አሉ አባ ተገኝ።

ጭቃ ሹሙ ወደ ይማም ዞረ። ለሰው ክፉ አልነበረም፤ ልጁን የቀበረ ሰው ነው። “እመን” አለው። “እመንና አሁን ትፈታለህ። ሚስትህን ይዘህ አባይን ተሻገር፤ ማንም አይከተልህም። እሺ ካልህ ሕዝቡም ወደ ማሳው ይሄዳል።”

 ሰው ሁሉ እሺ በል እያለ በዐይኑ ይለምነው ነበር። ሚስቱ ዘይነባ ከሕዝቡ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እሷን አያት። ከዚያ የታሠሩ እጆቹን አየ።

“ይህን ካልሁ የልጅ ገዳይ ሆኜ ነው አባይን የምሻገር” አለ ይማም። “ጥሩዬ ደጄ ላይ ስትጫወት የምትውል ልጅ ነበረች። ትሏ ቤቷን እስክትሠራ እጠብቃለሁ።”

እርጥብ ጠፍር ምን እንደሚያደርግ በዚያ ሜዳ የማያውቅ አልነበረም። እርጥብ ሳለ ልል ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ይሸመቅቃል፣ እየደረቀ በሄደ ቁጥር ሥጋ ውስጥ ይገባል።

ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር ወደ ደኑ ሄድን። የምትደርስበትን ቅርንጫፍ ጎትታ አንዲት ትንሽ እስር ራሷ ቀነጠሰች። ስትመለስ፣ ጥሩዬም ከዚህች ቅርንጫፍ ይሆናል የወሰደችው አለችኝ።  ሜዳው መካከል ሆነን ቤቷን ቀስ ብዬ ገፈፍሁላት። ራቁቷን የሩዝ ፍሬ ትመስል ነበር። ከሙዳዩ ውስጥ ከተከተፈው ቀይ ክርና ከጥቂት የጥድ ቅጠል ጋር አስቀመጥናት። ወይዘሮ አትጠገብ ሙዳዩን በጭኗ ይዛ ተቀመጠች።

ትሏ ተጠቅልላ ተኛች። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ትሏ እንደተኛች ናት።

ቅል ይዤ ከወንዝ ውኃ ቀዳሁና በይማም እጅ ላይ አፈሰስሁ። ጠፍሩ እርጥብ ከሆነ አይሸመቅቅም። አያሌው አየኝና ፊቱን አዞረ። ሁለተኛም ቀድቼ አፈሰስሁ። ይማም፣ ፈትልሽን ሳታጥቢ እኔን አጠብሽኝ አለኝ። ሊያስቀኝ ነው። እጁ ገና ይታጠፍ ነበር። በሦስተኛው ስመለስ ጭቃ ሹሙ አየኝ። እሥረኛን ማን አጥቢ አለሽ፣ ትሏን እንጠብቅ ብለሽ እሱን በጎን ልትፈቺ ነው ወይ አለ። አያሌውም በበትሩ ቅሉን መታው። ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ መቅረብ ተከለከልሁ።

እንግዲህ ቀኑ ይህ ነበር። በአንድ በኩል ትል ቤቷን እስክትሠራ ይጠበቃል፣ በሌላው ጠፍር ይደርቃል። ሕዝቡ መካከል ላይ ተቀምጧል። እኔ ከሙዳዩ ወደ ይማም፣ ከይማም ወደ ሙዳዩ አያለሁ። ትሏን በልቤ ተሳደብሁ፣ ለመንኋት፣ ስለት ሁሉ ተሳልሁላት። በትል ፊት እንደዚያ የተዋረድሁበት ቀን የለም።

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ አትጠገብ በአገጯ ጠራችኝ። ትሏ ተዘርግታለች። ራሷን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ከአፏ ክር ታወጣ ነበር፤ ክሩ በፀሐይ ካልሆነ አይታይም። ከቀዩ ቁራጭ አንዷን አነሣች። በእግሮቿ አገላብጣ ለካቻት፣ ረዘመባት መሰለኝ ቆረጠቻት፣ ከደረቷ ሥር ለጠፈቻት። ሌላ አነሣች። መጀመሪያ የሠራችው በወገቧ ዙሪያ ነው። አንዲት ሴት መቀነት እንደምትታጠቀው ቀይ ታጠቀች። ከዚያ ከመቀነቱ ሥር ሌላ ዙር ቀጠለች፤ የጥድ ቅጠልና ቀይ ክር እያፈራረቀች።

“ነይ እዪ” አለች ወይዘሮ አትጠገብ ለአንዲት ሴት። ሴቲቱ ፈራ ተባ እያለች መጣች። ከዚያ ሌላ መጣች። ወንዶቹም አንገታቸውን አሰገጉ። አባ ተገኝ መስቀላቸውን አስቀድመው ጎንበስ አሉ፤ ብዙ ቆዩ። 

እኔ፣ አያችሁ፣ በቃ ፍቱት አልሁ። ትጨርስ አሉ። ቃላችን እስክትሠራ ነው፣ መቀነት ልብስ አይደለም አለ አንዱ። ይህን ያለውን ሰው ፊት እስክሞት አልረሳውም። ይማም ያን ጊዜ ቀልዱን ትቷል። እጆቹ አብጠው ጠቁረዋል፣ ጠፍሩም በእብጠቱ ተውጦ አይታይም። ዘይነባ ተነሥታ ወደ እሱ ልትሄድ ስትል መለሷት። የተመለሰችበት ቦታ ቆማ ቀረች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ትሏ ሙሉ በሙሉ ቤቷ ገባች። ራሷን ብቻ አውጥታ፣ ቀይና አረንጓዴ ልብሷን ከኋላዋ እየጎተተች በሙዳዩ ግድግዳ ላይ ወጣች። ወይዘሮ አትጠገብ ብድግ አለች። ሙዳዩን ይዛ በተቀመጠው ሕዝብ ፊት ዞረች፤ እያንዳንዱ ሰው እስኪያይ ቆመች። በመጨረሻ ባሏ ፊት ደረሰች።

“ልጄን ሰው አልገደላትም” አለችው። “ፍታው።”

ጭቃ ሹም ደሴ ወደ ሙዳዩ አየ። ከዚያ ፍቱት አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያለቅስለት ሰው ሳይሆን የሚቀጣው ሰው ሲፈልግ ነበር መሰለኝ።

ሕዝቡ ፍርዱን እንደሰማ ተነሥቶ ወደ ጤፉ ሮጠ። እውነቴን ነው የምነግራችሁ፤ ከሸማኔው በፊት እኛ ተፈታን። ከይማም ጋር የቀረነው ጥቂት ሰዎች ነን። ጠፍሩ እንጨት ሆኗል፤ በጣት አይፈታም። በማጭድ ጫፍ ከሥጋው እየለየን ቆረጥነው።  ስንጨርስ እጆቹን ለየብቻ አየና ወደ ሙዳዩ ውሰዱኝ አለ። ትሏን ሊያያት ፈልጎ ነው። አሳየነው። እንደ ድሮው በጣቱ ሊነካት ሞከረ፤ ጣቱ ግን አልታዘዘውም።

በበቅሎ ጭነን ብቸና ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ከወደ ሐረር ተመድቦ የመጣ ድሬሰር ነበር፤ ቁስሉን አጥቦ አሠረለት። ጣቶቹን አያጣም አለን። አላጣቸውም። ጣቶቹ አብረውት ኖሩ፤ ክር መለየት ግን አቃታቸው። እሳት ቢይዝ እንኳ ሙቀቱ አይሰማውም፤ መቃጠሉን የሚነግረው ሽታው ነበር።

እኔ ነገሩ በዚህ አይበቃም አልሁ። አባ ተገኝ ዘንድ ሄጄ ለይማም ካሣ ይሰጠው፣ ያ ወፍም ይውጣና በአደባባይ ይጠየቅ አልኋቸው። ካሣውን እናስብበታለን አሉኝ፤ እያሰቡበት ሞቱ። ወፍ ግን አይከሰስም፣ ስም የለውም፣ እንዲያ ካልሆነ ማን ይናገራል አሉኝ። ወደ ቤት ተመለስሁ። አያሌው ጤፉን አጭዶ ደክሞት በሩ ላይ ተቀምጧል። በዚያ ደጅ ይማም እስሯን ሲያገላብጥ ከእኛ ሌላ ማን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። 

“ሦስተኛ ቀን ነበር” አለኝ። “አንድ ስም መገኘት ነበረበት። ያንቺ እንዳይሆን ነው።”

እስከ ዛሬ ይህን ቃል አገላብጣለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። እስሯን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ወፉ ያየውን ሁሉ ቢናገር ኖሮ ጠፍሩ በእኔ እጅ ላይ ይሆን ነበር። ወንድሜ አዳነኝ ልበል? በሌላ ሰው እጅ መጥፋት የዳነ ሰው ምን ይባላል? እንዝርቴንና ነጠላዬን ይዤ በማግሥቱ ወደ ሞጣ ወጣሁ። አያሌው ቤት ዳግመኛ እህል አልቀመስሁም። ሲሞት ለቅሶ ሄጃለሁ።

ይማምና ዘይነባም ኋላ ሞጣ መጡ። እዚያ ያየሁትን ስናገር ሰው አላምን ብሎኝ ነበር። ሸማኔ እግሩን ሰዶ ከሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠችው ዘይነባ ናት፤ መወርወሪያውን የምትወረውር እሷ፣ አጠገቧ ተቀምጦ በአፉ የሚመራት እሱ። በአገራችን ሴት ትፈትላለች እንጂ ሸማ አትሠራም። ሰው ሊስቅባት ይመጣ ነበር። ዘይነባ ቀና ሳትል፣ ለማየት ከሆነ ቁም፣ ለማሠራት ከሆነ ክርህን አምጣ ትላለች። የመጀመሪያውን ክር ያመጣሁላት እኔ ነኝ። የሠራችው ጋቢ ዳርና ዳሩ ጠማማ ነበር። ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ።

ከዚያ ወዲህ በጫካ ሳልፍ ቅርንጫፍ ሳላይ አላልፍም። ዛሬ ትሎቹን በልብሳቸው እለያቸዋለሁ። የግራሯ እሾህ ትደረድራለች፣ የጥዷ ጭራሮና ቅጠል፤ ብሳና ላይ ያየኋት ደግሞ የደረቀ ቅጠል ደርባ ትለብሳለች። ከእርሻ መሥሪያ ቤት ሞጣ ተመድቦ የነበረ አንድ ሰው ኋላ እንዳስረዳኝ፣ ወንዱ አድጎ ክንፍ ያወጣና ይበራል። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ከዚያች ቤቷ ሳትወጣ እንቁላሏን ትጥልና እዚያው ትሞታለች። ይህን ስሰማ ተናደድሁ። በማን እንደተናደድሁ ግን አላውቅም።

እናንተ የምታነቡ፣ ሞጣ ውስጥ ስሜ “አንድ ቀን ጨምሩ” ነው። በእድሩም፣ በሽምግልናውም፣ ሌባ ተያዘ ሲባልም፣ ሰው ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲቸኩል አንድ ቀን ጨምሩ እላለሁ። ሙግቴ ያሰለቻቸዋል፤ ያቺ አሮጊት መጣች ይላሉ። የሚዘነጉት ግን አንድ ነገር አለ። ቀን ጨምሩ ከማለቴ በፊት ሁልጊዜ የምለው ሌላ ቃል አለኝ፤ መጀመሪያ ፍቱት እላለሁ። ቀኑን የምንጨምረው ከእኛ ኪስ ይመስለናል። እኛ ስንጠብቅ፣ የተያዘው ሰው ላይ አንድ ነገር እየደረቀ ነው።

ይማም ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ያችን ነጠላ ለብሻለሁ። ዐይኑ ደክሟል፤ ጥለቱን ግን አየና የጎደለውን ቦታ አወቀው። ያቺ ትል የት ደረሰች አለኝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ወይዘሮ አትጠገብ ያን ዕለት ማታውን ወደ ደኑ ወስዳ፣ ከቀነጠሰችበት ቅርንጫፍ ላይ መልሳ እንዳስቀመጠቻት ነገርሁት። ቀይ ልብሷን እንደለበሰች።

ይማም ፈገግ አለ። ክር የማይለዩትን ጣቶቹን በጉልበቱ ላይ አመቻቸ።

“ጎበዝ ሸማኔ ናት” አለ። “አላህ እጇን ይባርክ።”